አስከሬንን ወደ ኮምፖስት መቀየር፣ በውሃ ማሟሟት እና ኢስላማዊው ቀብር

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 የዋሽንግተን ግዛት የሰውን አስከሬን ወደ ኮምፖስት መቀየርን በሕግ በመፍቀድ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ሕጉ በ2020 ሥራ ላይ ዋለ። ኮሎራዶና ኦሪገን በ2021፣ ቨርሞንት፣ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ደግሞ በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አጸደቁ። በሲያትልና በሌሎች የእነዚህ ግዛቶች ከተሞች ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ይኖራሉ። ሰው የሞተበት ቤተሰብ በሐዘን መሐል እነዚህ አማራጮች ሊቀርቡለት ስለሚችሉ ምን እንደሆኑና የሸሪዓ ሚዛናቸው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል።

አማራጮቹ የመጡት በምዕራቡ ዓለም የተለመዱት ሁለት መንገዶች አካባቢን ስለሚጎዱ ነው። ማቃጠል እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀትና ብዙ ጋዝ ይፈልጋል፤ ካርቦንዳይኦክሳይድ፣ በጥርስ ሙሌት ውስጥ ያለ ሜርኩሪም ጭምር ወደ አየር ይለቃል። የተለመደው የአሜሪካ ቀብርም ቢሆን አስከሬኑን በፎርማሊን ማቆየት፣ በብረት ወይም ቫርኒሽ በተቀባ ሳጥን ማስገባት፣ ሳጥኑን ደግሞ በኮንክሪት ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

በኮምፖስት ዘዴ አስከሬኑ ከእንጨት ፍቅፋቂ፣ ከአልፋልፋና ከገለባ ጋር በተዘጋ የብረት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። አየርና እርጥበት እየተመጠነለት፣ በየጊዜው እየተገላበጠ፣ በአንድ ወር ገደማ በረቂቅ ሕዋሳት ይበሰብሳል። የቀረው አጥንት በመሣሪያ ይፈጫል፤ ተመልሶም ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። ከአንድ ሰው ሦስት አራተኛ ሜትር ኩብ ያህል አፈር ይወጣል። ቤተሰቡ ለጓሮው ይወስደዋል ወይም ለጫካ ይሰጠዋል።

አኳሜሽን የሚባለው ሁለተኛው ዘዴ አስከሬኑን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድና በሞቀ ውሃ ማሟሟት ነው። ሥጋው ወደ ፈሳሽ ተቀይሮ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ ይሄዳል፤ አጥንቱ ተፈጭቶ እንደ አመድ ለቤተሰብ ይሰጣል። በታኅሣሥ 2021 የሞቱት ደቡብ አፍሪካዊው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ አስከሬናቸው በዚህ መንገድ እንዲስተናገድ በመደረጉ ዘዴው በዓለም ዙሪያ ታወቀ።

ወደ ሸሪዓው እንምጣ። ብዙ ሰው ተቃውሞውን የሚጀምረው «ሬሳው ከጠፋ በምን ይቀሰቀሳል?» ብሎ ነው። ይህ ደካማ መከራከሪያ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ አላህን ከመፍራት የተነሳ ልጆቹን «ስሞት አቃጥላችሁ አመዴን በትኑት» ብሎ የተናዘዘ ሰው ነበር። አላህ (ሱ.ወ) ሰበሰበው፣ ጠየቀው፣ ማረውም። የተቃጠለም፣ ባሕር የበላውም ይቀሰቀሳል። ጥያቄው ያለው እኛ በሕይወት ያለነው በሟቹ ላይ ባለብን ግዴታ ላይ ነው።

ሙስሊም ሲሞት ማጠብ፣ መከፈን፣ መስገድና መቅበር ፈርድ ኪፋያ ነው፤ ማንም ካልፈጸመው የሚችለው ሁሉ ይጠየቅበታል። በሱረቱል ማኢዳህ አላህ ቁራን ልኮ የአደምን ልጅ የወንድሙን ሬሳ እንዴት እንደሚሸፍን አሳየው። በሱረቱ ዐበሰም ሰውን ገድሎ ወደ ቀብር ማግባቱን ከጸጋዎቹ ጋር ቆጥሮታል። አቡ ዳውድና ኢብን ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሟችን አጥንት መስበር በሕይወት እያለ እንደመስበር መሆኑን ተናግረዋል። አጥንት መፍጨትን፣ ሥጋን ወደ ፍሳሽ ቱቦ መልቀቅን በዚህ ስንመዝን ሁለቱም ዘዴዎች ከማቃጠል ተለይተው የሚፈቀዱበት ምክንያት አይታየኝም። በነገራችን ላይ የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳትም በ2023 ሁለቱም ለአካል የሚገባውን ክብር አይጠብቁም ብለዋል።

«በቀብርም እኮ ሰውየው አፈር ይሆናል፣ ልዩነቱ የት ላይ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በቀብር ውስጥ ምድር ሥራዋን ትሠራለች፣ የሰው እጅ አይገባም፣ ቦታውም የሟቹ ነው። ኢማም ነወዊና ሌሎች ፉቀሃ አካሉ ፈጽሞ አፈር እስኪሆን ድረስ ያለ በቂ ምክንያት ቀብር እንደማይከፈት ጽፈዋል። በኮምፖስቱ ግን አካሉ ይገላበጣል፣ ይፈጫል፣ መጨረሻም ለአበባ ማዳበሪያ ይሆናል።

የተገደደ ሰው ጉዳይ የተለየ ነው። ስሪላንካ በኮቪድ ወቅት ከመጋቢት 2020 እስከ የካቲት 2021 በበሽታው የሞቱ ሙስሊሞችን ሳይቀር በግዴታ አቃጥላለች፤ መንግሥቷ በ2024 በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። በእነዚያ ሟቾችም ሆነ ቤተሰቦቻቸው ላይ ኃጢአት የለም።

ሦስተኛው አማራጭ «አረንጓዴ ቀብር» ይባላል። ዘመናዊው እንቅስቃሴ በ1993 በእንግሊዟ ካርላይል ከተማ ጀመረ፤ በ1998 በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ቀጠለ። መመሪያው ፎርማሊን የለም፣ ኮንክሪት የለም፣ አስከሬኑ በጨርቅ ይጠቅለል፣ በላዩ ሣርና ዛፍ ይብቀል የሚል ነው። ሙስሊም ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሦስት ነጭ የጥጥ ጨርቆች ተከፈኑ። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ ሲያጣጥሩ ለነቢዩ እንደተደረገው ለህድ እንዲቆፈርላቸውና ጥሬ ጡብ እንዲደረደርላቸው ተናዘዋል። ጃቢር ባስተላለፉት ሐዲስም ቀብርን በኖራ መለሰንና በላዩ መገንባት ተከልክሏል። ምልክት ለሚያስፈልገው፣ ነቢዩ በዑስማን ኢብን መዝዑን ራስጌ ያስቀመጡት አንድ ድንጋይ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንን መታዘብ አለብን። በከተሞቻችን መቃብሮች ሲሚንቶው፣ ሴራሚኩና የብረት አጥሩ እየበዛ ነው። በሲሚንቶ የታሰረ ቦታ አካሉ አፈር ከሆነ በኋላም ለሌላ ሟች አይለቀቅም፤ ቦታ ጠበበ እያልን የምናማርረው ደግሞ እኛው ነን። ዳያስፖራው ጋ ያለው ፈተና አስከሬንን ወደ አገር ቤት መላክ ነው። ለበረራው አብዛኛውን ጊዜ ፎርማሊንና የታሸገ ሳጥን ይጠየቃል፣ ቀብሩ በቀናት ይዘገያል፣ ብዙ ገንዘብም ይወጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኡሑድ ሰማዕታት ወደ መዲና ከተወሰዱ በኋላ ወደወደቁበት እንዲመለሱ አዝዘዋል። ዑለማዎች አስከሬንን ከአገር አገር በማጓጓዝ ላይ ቢለያዩም፣ በሞቱበት የሙስሊም መቃብር መቀበር በላጭ መሆኑን ብዙዎቹ ይስማማሉ። እናት አገር ቤት ሆና ልጇን በዓይኗ ሳታይ መቅበር ምን ያህል እንደሚከብድ አይጠፋኝም፤ ለዚህም ነው ጉዳዩ ሰው ሳይሞት መነጋገር የሚያስፈልገው።

አሜሪካ ውስጥ ያላችሁ አሁኑኑ በጽሑፍ ወሲያ አስቀምጡ፤ የሚፈጽመውን ሰው በስም ጥቀሱ፣ በግዛቱ ሕግ መሠረት ምስክር አስፈርሙ። የኮንክሪት ሳጥን ግዴታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከመቃብሩ ባለቤት ደንብ ነው፤ ስለዚህ ቦታ ከመግዛታችሁ በፊት ያለ ሳጥን በከፈን ብቻ ይቀብሩ እንደሆነ፣ ካልሆነም ወለል የሌለው ኮንክሪት ይፈቅዱ እንደሆነ ጠይቁ። ሳጥን ግድ በሆነበት፣ ብረት የሌለበት ተራ የእንጨት ሳጥን ይመረጣል። መስጂዳችሁ የራሱ የመቃብር ክፍል ካለው መጀመሪያ ወደ እሱ ደውሉ።