የጥርሱ ባለቤት፦ የታካሚ ፈቃድ በፊቅህ ታሪክ ውስጥ

በረመዷን ወር ለኢማሞች በየዓመቱ ከሚቀርቡ ጥያቄዎች አንዱ «ጥርስ ማስነቀል ጾምን ያፈርሳልን?» የሚለው ነው። መልሱ የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው፣ ወደ ጉሮሮ የሚያልፈውን ከመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ ጥርስ መቦርቦርም ሆነ መንቀል ወይም ማጽዳት ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ከዚህ ጥያቄ ጎን ሊነሳ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ይቀራል። ጥርሱ የሚነቀልለት ሰው የሚደረግለትን ነገርና ሊደርስበት የሚችለውን ጉዳት ዐውቆ ፈቅዷልን? አንዳንዶቻችን ይህን ከምዕራባውያን የሕክምና ሥነ ምግባር የመጣ እንግዳ ነገር አድርገን እናየዋለን። ቀደምት ዑለማእ ግን ጉዳዩን፣ ያውም በዚሁ በጥርስ ምሳሌ፣ መርምረውታል።

የጉዳዩ መነሻ በሐዲስ ውስጥ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻው ሕመማቸው ወቅት በዙሪያቸው የነበሩ ሰዎች ለዱድ፣ ማለትም በአፍ ጎን የሚንቆረቆር መድኃኒት፣ ሊሰጧቸው ሲሉ እንዳይሰጧቸው በምልክት ከለከሉ። ቤተሰቦቻቸው ግን ክልከላውን ማንኛውም ሕመምተኛ ለመድኃኒት ያለው ጥላቻ ነው ብለው በመተርጐም ሰጧቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲሻላቸው ወቀሷቸው፤ በቤቱ የነበረው ሁሉ ያንኑ መድኃኒት እንዲሰጠውም አዘዙ። በድርጊቱ ጊዜ በቦታው ያልነበሩት አል-ዐባስ (ረ.ዐ.) ብቻ ቀሩ። ይህ ዘገባ በቡኻሪና በሙስሊም የሚገኝ ነው። የቤተሰቡ ፍቅርም ሆነ በጎ ኒያ አያጠራጥርም፤ ሆኖም የሕመምተኛውን ፈቃድ አልተካም። ሕመምተኛው እምቢ ሲል እምቢታውን የሕመሙ አንድ ምልክት አድርጎ ማየት ዛሬም በየቤታችን የምናውቀው ነገር ነው።

በአቡ ዳውድ፣ በነሳኢና በኢብኑ ማጃህ የተዘገበው ሌላ ሐዲስ ደግሞ፣ በሕክምና ዕውቀት ሳይታወቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ (ዷሚን) መሆኑን ይደነግጋል። ጥርስም በሸሪዓ ርካሽ ነገር አይደለም። ለእያንዳንዱ ጥርስ የተወሰነው የጉዳት ካሳ (ዲያ) አምስት ግመል ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) ለመንጋጋ ጥርስ አንድ ግመል እንደፈረዱ፣ ሙዓዊያ (ረ.ዐ.) ግን አምስት እንዳደረጉት በሙወጧእ ተዘግቧል፤ አብዛኞቹ ፉቀሃእ የፊቱንና የመንጋጋውን እኩል ቆጥረዋል።

ከፊቅህ ወደ ሕክምናው ስንሻገር በአንደሉስ አቡል-ቃሲም አል-ዘህራዊን (936–1013 ገደማ) እናገኛለን። በቁርጡባ አጠገብ በነበረችው መዲነቱ-ዘህራእ የተወለዱት እኚህ ሐኪም፣ 30 ክፍሎች ያሉትን «አት-ተስሪፍ» የተባለ ሥራቸውን የቋጩት በቀዶ ሕክምና ነው። ይህ የመጨረሻ ክፍል በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጦለይጦላ (ቶሌዶ) ላይ በክሬሞናው ጄራርድ ወደ ላቲን ተመልሶ በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ ሲጠና ኖሯል። ስለ ጥርስ መንቀል የጻፉት ምዕራፍ ከመሣሪያዎቹ ሥዕል ይልቅ በጥንቃቄው ያስደንቀናል። ጥርስ የከበረ አካል ስለሆነና ከተነቀለ በኋላ ምትክ ስለሌለው፣ ማንኛውም ሌላ መፍትሔ እስኪሞከር ድረስ መንቀሉ እንዲዘገይ ይመክራሉ። ቀጥለውም ሐኪሙ የታመመችው ጥርስ የትኛዋ እንደሆነች እርግጠኛ እንዲሆን ያስጠነቅቃሉ። ሕመም ሰውን ያታልላል፤ ታካሚው ጤነኛዋን ጥርስ አመልክቶ ያስነቅላል፤ ሕመሙ ግን የታመመችው እስክትወጣ ድረስ አይለቀውም። ይህ በዋግምት ሠሪዎች እጅ ሲደርስ ማየታቸውንም ይመሰክራሉ። ያልተማሩ ሰዎች በችኮላ ሲነቅሉ ጥርሱን ሰብረው ሥሩን እንደሚያስቀሩ፣ አንዳንዴም የመንጋጋ አጥንት ቁራጭ አብረው እንደሚያወጡ ጽፈዋል። የአል-ዘህራዊ ዝርዝር ለሐኪም የተጻፈ ነው፤ ለታካሚው እንዲነገር አላዘዙም። ይሁን እንጂ ጉዳቱ ሊገመት የሚችል መሆኑ ከሺህ ዓመት በፊት በጽሑፍ የታወቀ ነገር ነበር።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በደማስቆ የኖሩት የሐንበሊው ፈቂህ ኢብኑ ቁዳማ (በ620 ሂ. / እ.ኤ.አ. በ1223 የሞቱ) «አል-ሙግኒ» በተባለው ኪታባቸው ውስጥ ጥርስ እንዲነቅል ሰው ስለመቅጠር ይወያያሉ። ቦታው የኪራይና የቅጥር (ኢጃራ) ምዕራፍ ስለሆነ አንባቢ በቀላሉ ያልፈዋል። ነቃዩ ከታዘዘው ጥርስ ሌላ ቢነቅል፣ ስሕተት እንኳ ቢሆን፣ ተጠያቂ ነው። ሳይነቀል በፊት ጥርሱ ከዳነ ውሉ ይፈርሳል፤ ጤነኛ አካልን ማጥፋት አይፈቀድምና። ሦስተኛው ጉዳይ ለኛ ዋነኛው ነው። ጥርሱ አልዳነም፤ ውሉ ተፈጽሟል፤ ነቃዩም መጥቷል፤ ባለቤቱ ግን ሐሳቡን ቀይሮ አላስነቅልም ቢልስ? ኢብኑ ቁዳማ አይገደድም ይላሉ። ምክንያቱ የሰውን አካል ማጥፋት በመሠረቱ ሐራም መሆኑ ነው፤ የሚፈቀደውም መቆየቱ ጉዳት ሲሆን ብቻ ነው። ይህን የመመዘኑ ሥልጣን ብቁ ለሆነው ለራሱ ለሰውየው የተተወ ነው፤ የጥርሱን ጥቅምና ጉዳት፣ የሕመሙንም መጠን ከማንም በላይ የሚያውቀው ባለቤቱ ነውና።

እንግዲህ ፈቃድ አንዴ ተሰጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። የተዋዋለ፣ ምናልባትም ዋጋ የከፈለ ሰው ከወንበሩ ላይ ሊነሳ ይችላል። ኢብኑል-ቀይም (በ751 ሂ. / 1350 የሞቱ) የሐኪምን ተጠያቂነት ሲከፋፍሉ፣ የሠለጠነ ሐኪም እንኳ ያለ ታካሚው ወይም ያለ ወሊዩ ፈቃድ ቢቆርጥ የሚለውን ራሱን የቻለ ክፍል አድርገውታል፤ ተጠያቂነቱን በተመለከተ ግን ዑለማእ ተለያይተዋል።

ይሁንና ታሪኩን ከሚገባው በላይ ማስጌጥ አይገባንም። የፉቀሃእ ትኩረት በፈቃድ (ኢዝን) እና በካሳ ላይ ነበር፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ምን ይንገር የሚለውን እንደ ራሱ ርእስ አላነሱትም። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የዑስማኒያ ፍርድ ቤት መዝገቦች ይህንኑ ያሳያሉ። የሽንት ፊኛ ጠጠር ወይም ቡአ የሚያስወጣ ሰው ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ቃዲ ፊት ቀርቦ፣ ቢሞት ወራሾቹ ካሳ እንዳይጠይቁ ስምምነቱን ያስመዘግብ ነበር። ሰነዱ በዋናነት ሐኪሙን ይጠብቃል። ዛሬ በክሊኒክ ሳይነበብ የሚፈረመው ወረቀትም፣ በኛ ግምት፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ አልፎ አይሄድም። «ዐውቆ መፍቀድ» የሚለው ሐሳብ በሕግ ቋንቋ ጎልቶ የወጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ደንብና በ1957 በካሊፎርኒያ የተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይጠቀሳሉ።

ሆኖም የኢብኑ ቁዳማ ምክንያት እስከ መጨረሻው ቢኬድበት ወደዚያው ያደርሳል። ባለቤቱ ሕመሙን ያውቃል፤ የሕክምናውን ጉዳት ግን ካልተነገረው አያውቅም። ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱን የሚሸፍነው የረጋ ደም ቢወገድ አጥንቱ ተጋልጦ ከቀናት በኋላ ብርቱ ሕመም ይነሳል። ዘግይታ የምትበቅለው የታችኛዋ የመጨረሻ መንጋጋ ስትወጣ አጠገቧ ያለው ነርቭ ተነክቶ ከንፈር ወይም ምላስ ለጊዜው፣ አልፎ አልፎም ለዘለቄታው፣ ሊደነዝዝ ይችላል። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ወደ ሳይነስ ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል። በጥርስ ሥር ሕክምና ቀጭኗ መሣሪያ ውስጥ ተሰብራ ልትቀር፣ ሕክምናውም ላይሳካ ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካልተጠየቀና ካልተናገረ ደሙ በቀላሉ ላይቆም ይችላል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ዘወትር የሚደርሱ አይደሉም፤ ነገር ግን «ተወኩል አድርግ» ብለን የምንሸኘው ሰው ሊያውቃቸው መብቱ ነው። ተወኩልም መጠየቅን አይከለክልም።

በአገራችን ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው ፈቃጁ ወላጅ፣ ታካሚው ሕፃን ሲሆን ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰውና ሲያተኩሰው፣ የድዱን እብጠት የበሽታው ምንጭ አድርጎ ገና ያልበቀለውን ጥርስ በስለት የማውጣት ልማድ፣ ማለትም ግግ ማስወጣት፣ በሙስሊሙም ሆነ በሌላው ማኅበረሰብ ዘንድ አለ። የሕፃኑ ድድ ይደማል፤ ባልተቀቀለ መሣሪያ ይመረዛል፤ ከሥር ያለው የቋሚው ጥርስ ቡቃያ ይጎዳል፤ የተቅማጡ እውነተኛ መንስኤም ሳይታከም ይቆያል። አውጪው ለጉዳቱ ዷሚን ከሚባለው ያልታወቀ ሐኪም ወገን ነው። የወላጁ ፈቃድስ? የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1992 በ7ኛው ጉባኤው የወሊይ ሥልጣን በሞግዚትነቱ ሥር ያለውን ሰው ጥቅም በመጠበቅ የተወሰነ መሆኑን ደንግጓል። ግልጽ ጉዳት የሚያስከትል ከሆነ የወሊዩ እምቢታ አይቆጠርም፤ መብቱም ወደ ሌሎች ወሊዮች፣ ከዚያም ወደ ባለሥልጣን ይተላለፋል። ውሳኔው የሚናገረው ሕክምናን ስለ መከልከል ነው፤ ጉዳትን ስለ መፍቀድ በተመሳሳይ መንገድ ማየት ግን ከኢብኑ ቁዳማ መሠረት ጋር ይስማማል ብለን እናምናለን፤ የሕፃኑ ጥርስ የሕፃኑ ነውና።