ጅብ በሌለበት አገር የነበሩ ውሾች ዜና

በእግዚአብሔር ረዳትነት፥ በባሕር ማዶ በሐዋይ ደሴቶች የነበሩትን ውሾች ዜና በኩልፎ ወንዝ ዳር ላለ አንባቢ እንጽፋለን።

ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ወርዶ፥ አርባ ምንጭን አልፎ ጫሞ ይገባል። በዚህ አገር የውሻ ሹመቱ ዘበኝነት ነው፤ ሌሊት ጅብ በአጥሩ ዙሪያ ሲዞር ጮኾ ጌታውን ይቀሰቅሳል። በሐዋይ ግን ጅብም ነብርም አልነበረምና የውሻው ሹመት ሌላ ሆነ።

የፖሊኔዥያ ሰዎች በታንኳ ውቅያኖሱን አቋርጠው በመጡ ጊዜ ውሻ፥ አሳማና ዶሮ ይዘው መጡ፤ ጎደሬም ይዘው መጡ። የጋሞና የወላይታ ሰው ቀቅሎ የሚበላው ያው ጎደሬ ነው። እነርሱም አብስለው በድንጋይ ይወቅጡታል፥ በውሃ ያላሉታል፥ ፖይም ይሉታል። ውሻው ይህን እየበላ ለሥጋው ይሰባ ነበር። እግሩ አጭር፥ ወገቡ ረጅም ነበር፤ ብዙም አይጮኽም።

ሕፃን ሲወለድ ቡችላ የሚሰጡት ነበሩ፤ ቡችላውንም ሴቶች ጡታቸውን ያጠቡት ነበር። ውሻው ቀድሞ ቢሞት ጥርሱን በክር ሰክተው፥ ከክፉ ይጠብቀው ብለው በልጁ አንገት ያስሩለታል። ልጁ ቀድሞ ቢሞት ግን ውሻውን ገድለው አብረው ይቀብሩታል።

ወንዶችም ሁላ የሚባለውን ጭፈራ ሲጨፍሩ ከውሻ ክራንቻ የተሠራ አልቦ በቅልጥማቸው ያስሩ ነበር፤ መሬት ሲረግጡ ይንሿሿል። አንድ ውሻ ያለው ክራንቻ አራት ብቻ ነውና፥ ወደ 1,000 ጥርስ ለሚፈጀው አልቦ ከ200 የሚበልጡ ውሾች አለቁ።

ደግሞም ካፑ የሚባል ግዝት ነበራቸው። ሴት ከወንድ ጋር በአንድ ማዕድ አትቀርብም፥ አሳማና ሙዝም አትበላም፤ የውሻ ሥጋ ግን ተፈቅዶላት ነበር።

በ1770 ዓ.ም.፥ በጎንደር ዐፄ ሰሎሞን ነግሠው ሳሉ፥ ካፒቴን ኩክ የሚባል እንግሊዛዊ ወደ ደሴቶቹ ደረሰ። በ1812 ዓ.ም. ንጉሡ ሊሆሊሆ ከሴቶች ጋር በአንድ ማዕድ በላ፥ ግዝቱም ፈረሰ። የውሻ ግብር ግን አልቀረም። ኤሊስ የተባለ ሚሲዮናዊ በ1815 ዓ.ም. የሐዋይን ደሴት ሲዞር፥ ገዥው ኩአኪኒ ግብር ባበላ ጊዜ 400 የተጠበሱ ውሾች መቅረባቸውን ከቆጠራቸው ሰው ሰምቶ ጻፈ።

ይህን የሰማ የአገራችን ሰው ይጸየፋል፤ ጡት ጠብቶ ያደገ እንስሳ እንዲህ ማለቁ እኛንም አሳዝኖናል። ነገር ግን ከቤት ያለውን ውድ ነገር ለእንግዳ ማረድ በእኛም ደጅ ያለ ነውና ለመንቀፍ አንቸኩል።

ከዚያ በኋላ የፈረንጅ ውሾች በመርከብ መጡ፥ ተደባለቁም፥ የፖይ ውሻ ዘሩ ጠፋ። ዜናው የተረፈው ያዩትና የሰሙት ሰዎች ስለ ጻፉት ነው። በአርባ ምንጭ የምትማር ልጅ ሆይ፥ አንተም የጋሞ አባቶችና እናቶች ስለ ውሻቸው የሚያወሩትን እነርሱ ሳሉ ጠይቅና ጻፍ።