ጠጋኙ ያልተጻፈበት ታሪክ፦ ከውጅግራ እስከ አሉሚኒየም ሽጉጥ በሞያሌ ድንበር

ስለ ኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ታሪክ የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው አስመጪውን፣ አስታጣቂውንና ኮንትሮባንድ ነጋዴውን በየገጹ ያገኛቸዋል። ጠጋኙን ግን እምብዛም አያገኘውም። አንድ ጠመንጃ ስንት ትውልድ እንደሚያገለግል የሚወስነው ግን ወደብ ላይ ያራገፈው ነጋዴ ሳይሆን የተሰነጠቀውን ሰደፍና የደከመውን ሞላ የሚያድሰው እጅ ነው።

የኬንያዋ ሞያሌ ለዚህ ታሪክ የምትመች ከተማ ናት። በ1890 እ.ኤ.አ. የብራስልስ ውል ወደ አፍሪካ የሚገባውን መሣሪያ ሲገድብ አካባቢው በውሉ ክልል ውስጥ ወደቀ። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ ሲዋዋሉ የመሣሪያውን ጉዳይ ጨመሩበት። በ1907 ድንበሩ በውል ሲሰመር፣ በአዲስ አበባ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን ይሠራ የነበረው ግሪካዊው ዛፊሮ የድንበር ተቆጣጣሪ ሆኖ ሞያሌ ነበር፤ የሞያሌው ምሽግም በሌጋሲዮኑ ሹም ስም ፎርት ሃሪንግተን ተባለ። ከደጋ የሚወርዱት የዝሆን አዳኞች የሚይዙት መሣሪያ ለምሽጉ የዘወትር ራስ ምታት ነበር።

ከመሣሪያዎቹ አንዱ ውጅግራ ነው፦ በ1874 የፈረንሳይ ጦር የታጠቀው ግራስ። አንድ ጎራሽ ነው። ተኳሹ ጥይቱን በጣቱ ያስገባል፣ ይዘጋል፣ ይተኩሳል። ስለዚህ ጥይቱ በራሱ ተንሸራትቶ የሚገባበት መንገድ አያስፈልገውም፤ የሚበላሽ መንገድም የለውም። ጥይቱ ደግሞ በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። በመቶ እጅ ያለፈና ትንሽ የተደፋ ጥይት እንኳ በጣት ተገፍቶ ሊገባ ይችላል። ጣሊያኖች ዓድዋ ላይ የያዙት ወጨፎ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና ነበረው፤ ካዝና ሲመጣ ግን ጥይቱ ራሱን ችሎ መግባት ስላለበት መንከስም፣ ማለትም የጥይት መሰንቀር፣ አብሮ መጣ።

ሽጉጥ ላይ ይህ ችግር ይብሳል። ጥይቱ ከካዝናው ተገፍቶ ሲነሳ አፍንጫው አንዲት ትንሽ ተዳፋት ላይ ያርፍና በእርሷ ተንሸራትቶ ወደ በርሜሉ ይገባል። ተዳፋቷ ከተቧጨረች ወይም ጠርዟ ከተጎረደ ጥይቱ ይሰነቀራል። አካሉ ብረት በሆነ ሽጉጥ ይህ ብዙ አያስጨንቅም። በ1950 ገደማ ግን የአሜሪካው ኮልት ‘ኮማንደር’ የተባለውን ሽጉጥ ክብደቱን ለመቀነስ በአሉሚኒየም ቅይጥ አካል ሠራው፤ ተዳፋቷም ከፊሏ እዚያው ለስላሳ አካል ላይ ቀረች። የጥይት አፍንጫ፣ በተለይ ጫፉ ቀዳዳ የሆነው ዓይነት፣ ደጋግሞ ሲመታት ትጎደጎዳለች።

እዚህ ላይ የለመደ እጅ ጠላት ይሆናል። ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ማለስለስ የማንም የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን አሉሚኒየሙን የሚጠብቀው ስስ የጠነከረ ልባስ በሞረዱ ይላጥና ከሥር ያለው ይበልጥ ቶሎ ይበላል። መበየድም አያዋጣም፤ ሙቀቱ የቅይጡን ጥንካሬ ይሰብራል። ቀጥቃጭ የብረትን ሙቀት የሚለካው በመቅላቱ ነው፤ አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ገደማ ሳይቀላ ይቀልጣል። ትክክለኛው መፍትሔ የተጎዳውን ክፍል በማሽን ቆርጦ የብረት ቁራጭ መትከል ነው፤ ያ ደግሞ የወናፍና የመዶሻ ሥራ አይደለም። የ1975ቱ በሬታ 92 ተዳፋቷን ከብረት በርሜሉ ጋር አንድ አድርጎ ከዚህ ጣጣ ወጣ።

የሚገርመው ከሞያሌ በታች ባለው ምድር አሉሚኒየምን ከማንም በላይ የሚያውቀው ባለሙያ መኖሩ ነው። የገብራ ሴቶች በአንገታቸው የሚደረድሩት ነጭ ትልልቅ ጨሌ ከቀለጠ ድስት የተሠራ አሉሚኒየም ነው። ለጌጥ የሚያመቸው ልስላሴ ነው እንግዲህ ለሽጉጥ ጠንቅ የሆነው። በቦረና ዘንድ የብረት ሠሪ ወገን ቱምቱ ይባላል፤ በኅብረተሰቡ ያለው ቦታ ደጋ ላይ ለጠይብ ከሚሰጠው ብዙም አይሻልም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ጠጋኙ ከመጻሕፍት የጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ንቀት ይመስለኛል። ለጌጥ የሚያመቸው ልስላሴ ነው እንግዲህ ለሽጉጥ ጠንቅ የሆነው።

የሞያሌ መሣሪያ በጦርነት ማዕበል ሲመጣ ኖሯል። በሐምሌ 1940 እ.ኤ.አ. ጣሊያኖች ከተማዋን ያዙ፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ለቀቁ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ሠራዊት ከፊሉ በዚያው በር ወደ ኬንያ ገባ፤ በዚያው ዓመት የሶማሊያ መንግሥትም ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ክላሽ ነው። ጥይቱ ወደ ጫፉ የቀጠነ፣ መንገዱም ብረት ስለሆነ ለመንከስ ሰነፍ ነው፤ ጠጋኝም ብዙ አይፈልግም።

ሕጉ በበኩሉ ጠጋኙን አይቶታል። በኬንያ የጦር መሣሪያ ሕግ መሣሪያ መጠገንን ንግዱ ያደረገ ሰው እንደ ሻጩ ሁሉ መመዝገብ አለበት። ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1177ን አውጥታለች። ነገር ግን ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ፖሊስ ደጋግሞ ከሚይዘው የቱርክ ሥሪት ሽጉጥ ውስጥ አካሉ ቀላል ቅይጥ የሆነ ሞልቷል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ቶሎ ስለሚያረጅ ችግሩ በራሱ ይከስማል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ውጅግራውን የታጠቀው አዳኝ ሲሰበርበት ወደ ቀጥቃጩ ይሄድ ነበር። ሽጉጡ የነከሰበትና የሚጠግንለት ያጣ ሰው ግን የሚሄደው ወደ ሻጩ ነው።