የአስተውሎት ተመስጦ ከሱስ ለማገገም፦ በነቀምትና በሌሎች የወለጋ ከተሞች

የአስተውሎት ተመስጦ ሰው ትንፋሹን፣ የሰውነቱን ስሜትና በአእምሮው የሚመላለሰውን ሐሳብ ሳይሸሽና በራሱ ላይ ሳይፈርድ እንዲከታተል የሚያለማምድ ዘዴ ነው። ከአልኮል፣ ከጫት፣ ከትምባሆና ከሌሎች ሱሶች በማገገም ላይ ያለን ሰው የሚረዳው በዋናነት ሐራራ ሲነሳ እንዲታገሥና ሱሱ እንዳያገረሽበት ነው። ብቻውን ሕክምና አይደለም፤ ከሐኪም ክትትል፣ ከምክር አገልግሎትና ከቤተሰብ ድጋፍ ጎን ለጎን የሚሰጥ ረዳት ዘዴ ነው። በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ጥቅሙም ገደቡም የሚወሰነው በአካባቢው የመጠጥና የጫት ልማድ፣ በእምነት ቤቶች ሚናና በጤና ተቋማት አቅም ነው።

የሱስ መልክ በወለጋ ከተሞች

ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የምሥራቅ ወለጋ ዞን ዋና ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከ75 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ከየአካባቢው ብዙ ወጣት ይሰበስባል፤ ከወላጅ ዓይን ርቆ፣ በፈተና ጭንቀትና በጓደኛ ግፊት መካከል የሚኖር ወጣት ለመጠጥም ለጫትም ቅርብ ነው። አካባቢው የቡና አገር በመሆኑ ምርት ተሰብስቦ ሲሸጥ ገንዘብ ባንድ ጊዜ እጅ ይገባል። የገበያ ቀንና የክፍያ ቀን ደግሞ ለማቆም የወሰነ ሰው በብርቱ የሚፈተንባቸው ቀናት ናቸው።

በአፋን ኦሮሞ ፈርሶ የሚባለው ጠላ፣ ዳዲ የሚባለው ጠጅ፣ ቦርዴና አረቄ በአብዛኛው በየቤቱ ይዘጋጃሉ። ጉልበታቸው ግን ለየቅል ነው፤ ጠላ የአልኮል መጠኑ ዝቅተኛ ሲሆን ሁለት ጊዜ የሚወጣው ዳግም አረቄ እስከ 45 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ጠላ ከለቅሶ፣ ከሠርግና ከደቦ የማይለይ የመስተንግዶ መጠጥ ስለሆነ «አልጠጣም» ማለት አንዳንዴ ባለቤቱን እንደ መናቅ ይቆጠራል።

ጫት የራሱ ሰዓትና የራሱ ቋንቋ አለው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ይጀመራል፣ ምርቃና ይከተላል፣ ማምሻውን ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር በአልኮል ጨብሲ ይደረጋል። እንዲህ አንዱ ሱስ ሌላውን ይጠራል። በቅጠሉ ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል። ጫት ያቋረጠ ሰው ድካም፣ ድብርትና ዱካክ የሚባለው አስፈሪ ቅዠት ሊያስቸግሩት ይችላሉ።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑም መሸጥን ከልክሏል። ሆኖም በየመንደሩ የሚወጣው አረቄ ቀድሞም ማስታወቂያ አላስፈለገውም፤ ስለዚህ ሕጉ የሚያቀለው የችግሩን አንድ ወገን ብቻ ነው።

የዘዴው አመጣጥ

የአስተውሎት ተመስጦ ሥር የቡድሃ እምነት ልምምድ ነው። ወደ ሕክምና ያስገቡት አሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከሃይማኖታዊ ይዘቱ የተለየ የስምንት ሳምንት የጭንቀት መቀነሻ ሥልጠና ጀመሩ። ለሱስ ያዋሉት ደግሞ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር የነበሩት አለን ማርላት ናቸው። ማርላት ስለ ሱስ ማገርሸት ለረጅም ዓመታት ያጠኑ ሰው ነበሩ፤ ከሣራ ቦወንና ከኔሃ ቻውላ ጋር ሆነው ተመስጦን ከማገርሸት መከላከያ ምክር ጋር ያዋሐደ መርሐ ግብር ቀረጹ።

ሱስንና ተመስጦን የማገናኘት ሐሳብ ግን ከዚህ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የተመሠረተው የአልኮል ሱሰኞች የመረዳጃ ማኅበር ከአሥራ ሁለቱ ደረጃዎቹ አሥራ አንደኛው አባላቱን በጸሎትና በተመስጦ እንዲተጉ ይጋብዛል።

ሐራራን የመታገሥ ልምምድ

ሱስ የያዘው ሰው ሐራራ ሲነሳበት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ይገዛለታል፣ ወይ ጥርሱን ነክሶ ይታገለዋል። ትግሉ ራሱ ሐሳቡን እዚያው ነገር ላይ ስለሚያሥርበት ብዙ ጊዜ ያደክመዋል። ተመስጦ ሦስተኛ መንገድ ያሳያል፦ ሐራራውን ሳይታዘዙት ማየት።

ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስን ሰው እንውሰድ። ሁልጊዜ የሚገባበት አረቄ ቤት በር ላይ ሲደርስ የሚያውቀው ሳቅ ይሰማዋል። ምራቁ ይሞላል፣ ደረቱ ይጨንቀዋል፣ «አንዲት መለኪያ ብቻ» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ልምምዱ ያለው ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። በሰውነቱና በሐሳቡ የሚሆነውን አንድ በአንድ ለራሱ ይናገራል፦ «ደረቴ ተጨንቋል፤ ሐሳቡ መጥቷል።» ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ትንፋሹን ብቻ ይከታተላል። ቀጥሎ ትኩረቱን ወደ መላ ሰውነቱ ያሰፋል፤ በመጨረሻም አስቦ ይወስናል። ይህ አጭር ልምምድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ መቀመጥ ወይም ዓይን መጨፈንም አይጠይቅም።

ማርላት ሐራራን ከባሕር ማዕበል ጋር አመሳስለው ነበር። ባሕር ላላየ የወለጋ ሰው ከነቀምት ወደ ጊምቢ ሲሄድ የሚሻገረው የዴዴሳ ወንዝ የክረምት ሙላት ይቀርበዋል፤ ሙላት ይመጣል፣ ይበረታል፣ ይጎድላል፤ ብልህ መንገደኛም ዳር ቆሞ እስኪጎድል ይጠብቃል እንጂ አይገባበትም። ሐራራም ካልመገቡት ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። ይህን ደጋግሞ በራሱ ላይ ያየ ሰው «ካልወሰድኩ እሞታለሁ» ከሚለው ስሜት ጋር መከራከሪያ ያገኛል።

የስምንቱ ሳምንት መርሐ ግብር

መርሐ ግብሩ የተቀረጸው የመጀመሪያውን ሕክምና ለጨረሱ ሰዎች ነው። ተሳታፊዎች በቡድን ሆነው በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ይገናኛሉ፤ በቀሩት ቀናት በየቤታቸው ይለማመዳሉ። የመጀመሪያው ትምህርት ልብ ሳይሉ በልማድ ስለመነዳት ነው። እንደ ማሳያ አንድ ዘቢብ ለተሳታፊው ይሰጠዋል፤ እሱም መልኩን፣ ሽታውንና ጣዕሙን ቀስ ብሎ እያጤነ ይበላዋል። በወለጋ ለዚህ አንድ ፍሬ ቆሎ ይበቃል፦ በመዳፍ ይዞ ቅርፊቱን መዳሰስ፣ ማሽተት፣ ከዚያም ጥርስ ላይ ሲሰበር የሚወጣውን ጣዕም መከታተል። በእፍኝ እየተወረወረ የሚበላ ነገር ላይ እንዲህ መቆየት፣ እጅ ከአእምሮ ቀድሞ ምን ያህል እንደሚሄድ በግልጽ ያሳያል።

ቡናን ለዚህ ልምምድ ማዋል ጥንቃቄ ይሻል። ቆሎ ቀርቦ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሚጠጣው ቡና ለአንዳንዱ ቤት የሰላም ጊዜ ነው፤ ቡናን ከጫትና ከሲጋራ ጋር ሲያዘወትር ለኖረ ሰው ግን የዕጣኑ ሽታ ራሱ ሐራራ ሊቀሰቅስበት ይችላል።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ተሳታፊዎች ሱሳቸውን የሚቀሰቅሱ ቦታዎችን፣ ሰዎችንና ስሜቶችን ይለያሉ። አደገኛውን ሁኔታ በሐሳባቸው እየሣሉ አጭሩን ልምምድ ይሞክራሉ። ሐሳብ እውነት ላይሆን እንደሚችልም ይማራሉ። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ሰው «አበቃልኝ» ብሎ ሙሉ በሙሉ እንዳይመለስ ራሱን በርኅራኄ ማየትም የትምህርቱ አካል ነው።

የጥናት ማስረጃ

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የቦወንና የባልደረቦቿ ጥናት 286 ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፍሎ ተመስጦን፣ የተለመደውን የማገርሸት መከላከያ ምክርና መደበኛውን አገልግሎት አነጻጽሯል። ከስድስት ወር በኋላ ተመስጦውም ምክሩም ከመደበኛው አገልግሎት የተሻለ ውጤት ነበራቸው፤ በዓመቱ ደግሞ የተመስጦው ቡድን አደንዛዥ ነገር በመጠቀምም ሆነ አብዝቶ በመጠጣት ከምክሩ ቡድን ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በትምባሆ ላይ ጀድሰን ብሩወርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት አነስተኛ ጥናት ከ17 ሳምንት በኋላ ከተመስጦው ቡድን 31 በመቶው፣ ከማነጻጸሪያው ቡድን ደግሞ 6 በመቶው ማጨስ አቁመው ነበር።

ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሥራዎች ግን ጠንቃቆች ናቸው። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ምዘና ድርጅት ስለ አደንዛዥ ነገሮች እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምገማ የማስረጃው አስተማማኝነት ዝቅተኛ መሆኑን ገልጿል፤ በቀጣዩ ዓመት ስለ ማጨስ ያወጣውም ግልጽ ጥቅም አላሳየም። ጥናቶቹ በብዛት የተደረጉት በምዕራቡ ዓለም በመሆኑ ጫትና ጨብሲ በተያያዙበት ማኅበረሰብ ውስጥ ውጤቱ አንድ ዓይነት ይሆናል ማለት አይቻልም።

መቅደም ያለበት ሕክምና

ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም አደጋ አለው። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ይጀምራሉ፤ በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊከተል ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን የሚመጣው መቃዠትና ራስን አለማወቅ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ሆስፒታል፣ እንደ ዲያዚፓም ያለ መድኃኒትና ታያሚን የተባለው ቫይታሚን ነው። ሕመምተኛውን በእነዚህ ቀናት ቤት ዘግቶ ማቆየት፣ ያለ ሐኪም ጠበል ወይም ጸሎት ቤት ማሰንበት ወይም ተመስጦ ማስተማር ሕይወቱን ያሰጋል።

ዓይን ጨፍኖ በዝምታ መቀመጥም ለሁሉ አይስማማም። በከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ ያለ ሰው ሊታወክ ይችላል። በቅርብ ዓመታት ግጭትና መፈናቀል በጎበኙት በወለጋ ደግሞ ዝምታው የደረሰበትን መከራ በዓይነ ኅሊናው የሚመልስበት ብዙ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ዓይኑን ገልጦ፣ እየተራመደ ወይም የእግሩን መሬት መርገጥ እያጤነ ቢለማመድ ይሻለዋል።

እምነትና ተመስጦ

በወለጋ ብዙ ሰው ሱስ ማቆምን የሚያስበው ከእምነቱ ጋር አያይዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በአካባቢው ሥር የሰደደች ናት፤ በጊምቢ ሆስፒታል ያላት የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያንም ምእመናኗ ከአልኮልና ከትምባሆ እንዲርቁ ታስተምራለች። የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በወጣትነታቸው በነቀምት ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠርተዋል። በኋላ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያኗ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ሰው በሥጋውም በመንፈሱም ሳይከፈል መገልገል እንዳለበት ተከራክረዋል። መድኃኒትንና ጸሎትን ለማያጋጭ የሱስ አገልግሎት ከዚህ የቀረበ የአገር ውስጥ መሠረት የለም።

የተመስጦ ምንጭ ቡድሃዊ መሆኑ አንዳንድ አማኝን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። አሠልጣኙ ይህን ሳይደብቅ መናገር፣ ልምምዱንም በጸሎት ምትክ ሳያቀርብ መቀጠል ይገባዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ጸሎት ወደ ፈጣሪ የሚቀርብ ቃል ሲሆን ተመስጦ የራስን ስሜት መመልከት ነው። የሚገናኙበትም ቦታ አለ። መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ «ኪርያላይሶን» የሚል ኦርቶዶክሳዊ፣ ዚክር የሚያደርግ ሙስሊም ወይም በጽሞና የሚጸልይ ወንጌላዊ የተበተነን ሐሳብ መሰብሰብን ያውቃል። ልምዱ ያለው ሰው ሐራራ ሲመጣ ከራሱ ጸሎት ቢጀምር ከባዕድ ልምምድ ይልቅ ይቀልለዋል።

በአካባቢው ለማዋል

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ጊዜ በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጠቅላላ ሐኪሞችና ነርሶች የአልኮልና የአደንዛዥ ነገር ችግርን እንዲለዩና እንዲያክሙ ያስችላል። ተመስጦ የሚጨመረው በዚህ አገልግሎት ላይ ነው።

አሠልጣኝ በሌለበት ምን ማድረግ እንደሚቻል በጎረቤት ኡጋንዳ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ የአስተውሎት ልምምድም ያለበት የአምስት ሳምንት ራስን የመርጃ ትምህርት በድምፅ ተቀርጾ፣ አጭር ሥልጠና በወሰዱ ሰዎች አስተባባሪነት ለደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመውና 694 ሴቶችን ያሳተፈው ጥናት ትምህርቱ የሥነ ልቦና ጭንቀትን እንደቀነሰ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ ሱስ አልነበረም፤ የአስተውሎት ልምምድ ግን ያለ ብዙ ባለሙያ ለብዙ ሰው ሊደርስ እንደሚችል ያመለክታል። በወለጋ እንዲህ ያለ ሥራ መመሪያው በአፋን ኦሮሞ መቀረጹን፣ ሴቶች በግልጽ የሚናገሩበት የራሳቸው ቡድን ማግኘታቸውን፣ ኑሯቸው አረቄ በማውጣት ላይ የቆመ ቤተሰቦችም ሌላ ገቢ ማግኘታቸውን ይጠይቃል። ማታ አረቄ ወደሚወጣበት ቤት የሚመለስ ሰው ትንፋሹን መከታተል ብቻውን አይበቃውም።