ስለ ቆዳ አፎት ልክ፤ የጎራዴና የሾተል ማኅደር አሠራርና አጠባበቅ

በኢትዮጵያ ስለ ጦር መሣሪያ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው ስለ ስለቱ የሚናገር ነው። ጎራዴው ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ቀጠቀጠው፣ የትኛው መኰንን እንደ ታጠቀው ይመረመራል፤ ስለቱን ስለሚይዘው አፎት ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ሆኖም አፎት የሌለው ጎራዴ ባለቤቱን የሚያቈስል፣ በዝናምም የሚዝግ ነው። አፎቱ የጠበቀበትም ጎራዴ በሚያስፈልግበት ሰዓት አይመዘዝም። ስለዚህ የአፎት ልክ ትንሽ ነገር መስሎ ቢታይም የቆዳ ሠራተኛው ዕውቀት ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በእርሱ ነው።

ለዚህ ዕቃ በአማርኛ ሁለት የታወቁ ስሞች አሉ፤ አንዱ አፎት፣ ሁለተኛው ሰገባ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ቍጥር 11 ላይ ሰገባ የሚለውን ቃል ይዟል። የስለቱ ዓይነት ሲለያይ የአፎቱም ሥራ ይለያያል። ሾተል እንደ ማጭድ እጅግ የጎበጠ ነው፤ ጎራዴ ግን ጉብጠቱ አነስተኛ ሲሆን የሚሳለው በአንድ ወገን ነው። የአፋር ሕዝብ ጊሌ ደግሞ ሁለት ስለት ያለው ሰፊና ጎባጣ ቢላዋ ሆኖ በሆድ ፊት ለፊት ይታጠቃል። እነዚህ ሁሉ በቆዳ ይለበጣሉ፤ ነገር ግን ለአንዱ የተሰፋ አፎት ለሌላው አይሆንም። እንዲያውም ከአንድ ዓይነት ሁለት ጎራዴዎች መካከል የአንዱ አፎት ለሁለተኛው በትክክል የሚገጥመው አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

የልኩን አስፈላጊነት ለመረዳት አታጣጠቁን ማስተዋል ይገባል። የአውሮፓ ወታደር ሰይፉን በግራ ጎኑ ይታጠቃል፤ በሚመዝበትም ጊዜ አፎቱን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ይስባል። የኢትዮጵያ ደገኛ ወታደር ግን ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ እንደ ነበር ልዩ ልዩ ተጓዦች ጽፈዋል። ግራ እጁ ጋሻ ስለሚይዝ አፎቱን ደግፎ ለመያዝ አይተርፍም። እንግዲህ አፎቱ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን ባንድነት መፈጸም ነበረበት፤ ይኸውም ሰውዬው በሚሮጥበትና በበቅሎ በሚቀመጥበት ጊዜ ስለቱን አጥብቆ መያዝ፣ በአንድ እጅ በተሳበም ጊዜ ወዲያው መልቀቅ ነው። ከዚህ ላይ የሚደረግ ስሕተት ዋጋው ሕይወት ነበረ።

ሁለቱ ሥራዎች የሚታረቁት አፎቱ በሁሉ ስፍራ እኩል እንዳይጠብ በማድረግ ነው። ስለቱ በእጀታው አጠገብ፣ በአፎቱ አፍ ላይ ጠበቅ ይላል፤ ከአፉ ወደ ውስጥ ግን ለቀቅ ይላል። ጎባጣ ስለት ሲሆን ይህ ግዴታ ይሆናል። ጉብጠቱ የክብ ቁራጭ የሆነ ስለት በተመሳሳይ አፎት ውስጥ ያለ ችግር ይንሸራተታል፤ ጉብጠቱ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚለዋወጥ ስለት ግን በልኩ በተሰፋ አፎት ውስጥ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ አፎቱ ከስለቱ ይልቅ ሰፋ ማለት አለበት፤ ወይም በአንድ ወገን መከፈት አለበት። የቱርክ ቂሊጅ የሚባለው ሰይፍ ወደ ጫፉ ስለሚሰፋ አፎቱ በጀርባው በኩል ከአፉ አጠገብ ተሰንጥቆ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የቆዳውን ጠባይ መመልከት ያስፈልጋል። ቆዳ በውሃ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ይሳባልም፤ በሚደርቅበት ጊዜ በነበረበት ቅርጽ ጸንቶ ይቀራል። ባለሙያው አፎትን ከስለቱ ጋር የሚያስማማው በዚህ ጠባይ ነው። ይሁን እንጂ ያው ጠባይ ጠላትም ይሆንበታል፤ በክረምት እርጥበት የላላው ቆዳ በበጋ ፀሐይ ይኰማተራልና። በእሳት አጠገብ የሚደረቅ ቆዳ የሚደርስበት ጉዳት ከዚህም የከፋ ነው። በዕፀዋት የለፋ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ሙቀቱ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ተጨማድዶ ያጥራል፤ ከዚያም በኋላ ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመልሰው ምንም ነገር የለም።

የጠበበ አፎት የሚስተካከለው በኃይል ሳይሆን በትዕግሥት ነው። አስቀድሞ የጠበበው ስፍራ ይመረመራል፤ ስለቱ ቆዳውን የፋቀበት ምልክት ያሳያልና። ከዚያም ውስጡ በለብታ ውሃ ጥቂት ይርሳል። ቀጥሎም ከስለቱ በመጠኑ የወፈረ፣ ጫማ ሰፊዎች ፎርማ የሚሉትን የመሰለ የተላገ እንጨት ይገባበትና በጥላ ሥር ይደርቃል። ብረቱ ራሱ በእርጥብ ቆዳ ውስጥ ቢተው ይዝጋል፤ ቆዳውንም ያጠቍራል። ጥበቱ ከስፌቱ የመጣ እንደ ሆነ ስፌቱ በዚያው ስፍራ ተፈትቶ በወስፌና በጅማት እንደገና ይሰፋል። በሁለቱ የቆዳ ፊቶች መካከል አንድ ቀጭን ጠፍር ቢገባ አፎቱን ያሰፋል፤ ስለቱም ክሩን እንዳይቈርጥ ይከላከላል። ቅቤና ዘይት ማብዛት ግን ፈጥኖ የሚያረካ መድኃኒት ቢመስልም ቆዳውን አልፈስፍሶ መያዣ ያሳጣዋል። የላላ አፎትም በዚያው መንገድ ይጠብቃል፤ አፉ ረጥቦ በጨርቅ በተጠቀለለው ስለት ላይ በጣት ይጫናል፣ ቆዳው ቅርጹን እንደ ያዘም ስለቱ ወጥቶ ይደርቃል።

ይህ ችግር በሌሎች ሕዝቦችም ዘንድ ልዩ ልዩ መፍትሔ አግኝቷል። በሰሜን አውሮፓ በቫይኪንግ ዘመን የሰይፍ አፎት ከእንጨት ተሠርቶ በቆዳ ሲለበጥ፣ ውስጡ የበግ ጠጕር ይደረግበት ነበር፤ የጠጕሩ ቅባት ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፣ ልስላሴውም ስለቱን ይይዛል። የፊንላንድ ሰዎች ፑኮ ለሚሉት ቢላዋ እርጥብ ቆዳን በእንጨት ላይ ጨምቀው ያደርቃሉ። ጃፓኖች ደግሞ በስለቱ ሥር ሐባኪ የሚባል የመዳብ ቀለበት አኑረው፣ አፎቱን የሚነካው እርሱ ብቻ እንዲሆን አድርገዋል። መንገዱ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው፤ አፉ ይያዝ፣ ውስጡ ይለቀቅ።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ይልቁንም የከበደው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ነው። በዚያን ዘመን በጀርመን አገር በዞሊንገን ከተማና በለንደን በዊልኪንሰን ፋብሪካ የተሠሩ ስለቶች ወደ አገራችን ይገቡ ነበር፤ በአንዳንዶቹም ላይ የአማርኛ ጽሕፈትና የይሁዳ አንበሳ ሥዕል ተቀርጾባቸዋል። ስለቱ ከውጭ ቢመጣም እጀታው ብዙ ጊዜ ከአውራሪስ ቀንድ፣ አፎቱም ከቀይ ወይም ከሌላ ቀለም ቆዳ በአገር ውስጥ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ያገሬው ቆዳ ሠራተኛ ወርዱና ጉብጠቱ በሩቅ አገር ለተወሰነ ብረት ልኩን ራሱ መፈለግ ነበረበት። መኰንኑ የሚኰራበት ጎራዴ የባዕድ ብረት ሲሆን፣ እንዲታጠቀውና እንዲመዘው ያስቻለው የአገር እጅ ነው።

ያ እጅ ግን ክብር አላገኘም። ቆዳ የሚያለፋው ሰው ፋቂ፣ ብረት የሚቀጠቅጠውም ጠይብ እየተባለ ይናቅ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ልማዱ ግን በዐዋጁ ፈጥኖ አልጠፋም። የተናቀ ሰው ጥበብ በብራና አይጻፍም፤ በመሆኑም የአፎት ሥራ ዕውቀት ያለው በባለሙያው እጅና በራሱ በአፎቱ ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ አሮጌ አፎቶች እንደ ጽሑፍ ማስረጃ መቈጠር አለባቸው። ከእነርሱ ብዙዎች በአገር ውስጥና በውጭ አገር ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። ከዘመን ብዛት ቆዳው ይኰማተራል፣ ብረቱም በዝገት ያብጣል፤ ስለዚህ ስለቱ በአፎቱ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ተመልካች ስለቱን ለማየት ጓጕቶ በኃይል ቢስበው ስፌቱ ይበጠሳል፤ በስፌቱም ጋር ባለሙያው ልኩን እንዴት እንዳገኘ የሚነግረው ምልክት ይጠፋል። በውሃ ማራስም ለአዲስ ቆዳ እንጂ ለአሮጌ ቆዳ አይበጅም፤ የደከመ ቆዳ በርሶ ሲደርቅ ጠቍሮ ይሰነጣጠቃልና። የማይወጣ ስለት ቢኖር እንዳለ ተለክቶ፣ የስፌቱ መንገድና የአፉ ወርድ ተጽፎ መቀመጥ ይገባዋል። ስለቱ በዞሊንገን ታትሞ በብዛት የመጣ ስለ ሆነ አምሳያው ሌላ ቦታ ይገኛል፤ አፎቱ ግን ለዚያ ስለት ብቻ የተሰፋ ስለ ሆነ ምትክ የለውም።