«አንድ ፍሬ ጀባ በለኝ» (ስለ ጫት፣ ስለ ኪኒንና ስለ መጠን)

ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

ባለፈው ወር ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ራጉኤል አካባቢ ባለችው ሱቄ ኪኒኔን ስውጥ፣ ጎረቤት ሱቅ የሚሠራ አንድ ልጅ ገባ። ለካ ሰንብቶ ሲያየኝ ኖሯል። «ጋሼ፣ እሷ ነገር ለሂሳብ አሪፍ ናት አሉ። እስቲ አንድ ፍሬ ጀባ በለኝ» አለኝ።

ጀባን ጫት የቃመ ሁሉ ያውቃታል። ከራስህ እስር ቀንጥሰህ ለወዳጅህ ማቀበል ነች። ስንት ግራም ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ የሚቆጥርም የለም። ልጁን ደግሞ አውቀዋለሁ። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ቁጥር እየጠፋበት አሠሪው ሲጮኽበት ግድግዳ አልፎ ይሰማኛል። በእሱ ዕድሜ እኔም ያው ነበርኩ። «አይሆንም» አልኩት። ለምን እንደማይሆን ግን በቅጡ ሳላስረዳው ደንበኛ ገባና ወጣ። ያኔ ያልነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ታሪኩ የሚጀምረው እዚሁ ሰፈር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የከተማውን ገበያ ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ አጠገብ፣ አንስቶ ለአገሬው ሰው ብሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው። «መርካቶ» የሚለው ስም ራሱ የጣሊያንኛ «ገበያ» ነው። አማኑኤል ሆስፒታልም የተቋቋመው በዚያው ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ ነው። ገበያውና የአእምሮ ሆስፒታሉ አብረው አደጉ ማለት ነው፣ የጎረቤት ልጆች። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲናደድ «አማኑኤል ውሰዱት!» ይላል። እኔም ለዓመታት ያንን ስም ፈርቼ ነው ሐኪም ዘንድ ያልሄድኩት። ይሄ የሆስፒታሉ ጥፋት አይደለም፣ የአፋችን ነው።

አሁን የሚገርመውን ስሙኝ። በዚያው በ1930 ዓ.ም.፣ በእነሱ 1937፣ አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ ቻርልስ ብራድሌይ የሚባል ሐኪም ያስቸገሩ ልጆች የሚታከሙበት ቤት ይሠራ ነበር። ለምርመራ ከአከርካሪያቸው ፈሳሽ የተቀዳላቸው ልጆች ራስ ምታት ይይዛቸዋል። ይሻላቸው እንደሆነ ብሎ ቤንዜድሪን፣ ማለትም አምፌታሚን፣ ሰጣቸው። ራስ ምታቱ አልለቀቀም። መምህራኑ ግን ልጆቹ በድንገት ትምህርት መከታተል መጀመራቸውን አዩ። ብራድሌይ ለ30 ልጆች ለአንድ ሳምንት ሰጥቶ ያየውን ጻፈ፤ ግማሽ ያህሉ በትምህርታቸው ጉልህ ለውጥ አሳዩ። ልጆቹ ራሳቸው «የሂሳብ ኪኒን» ይሏት ነበር። የእኔ ጎረቤት ሳያውቀው የእነዚያን ልጆች ቃል ነው የደገመው።

ልብ በሉ፣ ግማሹ ልጅ ነው እንዲያ የተለወጠው። ሌላው ግማሽስ? መድኃኒቱ ያው፣ ሳምንቱ ያው።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ የሪታሊን ነው። በ1944 ባዝል ከተማ፣ ሲባ በሚባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረ ሊአንድሮ ፓኒዞን የተባለ ኬሚስት ሜቲልፌኒዴት የሚባለውን ውህድ ሠራ። እንደሚባለው ራሱ ሲሞክረው ያን ያህል ነገር አልተሰማውም። ሚስቱ ማርጌሪት ግን የደም ግፊቷ ዝቅተኛ ነበርና ቴኒስ ከመጫወቷ በፊት ስትወስደው ተስማማት። የቤት ስሟ ሪታ ነው፤ ሪታሊን የተባለው በእሷ ስም ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ኪኒን፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ውጤት።

እኛስ? እኛማ ቅጠሉ ነበረን።

ጫት ለምን በኮባ ተጠቅልሎ፣ በፍጥነት፣ ሳይጠወልግ መርካቶ መድረስ እንዳለበት ሻጮቹ ከማንም በፊት ያውቁ ነበር። ሳይንሱ የደረሰበት በ1975 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከትኩሱ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባለውን አወጣ። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ተለውጦ ካቲን ይሆናል፤ ካቲን ደግሞ ደካማ ነው። የደረቀ ጫት ዋጋው የሚወድቀው ለዚህ ነው። ካቲኖን በአሠራሩ የአምፌታሚን የቅርብ ዘመድ ነው፤ በዋናነት የሚለያቸው አንዲት ኦክስጅን ናት። ብራድሌይ ለልጆቹ በሚዛን የሰጣቸውን ነገር የሚመስል፣ እኛ በእስር እየገዛን ስንቅም ኖረናል።

ሰዉም ለምን እንደሚቅም ያውቃል። ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው በ1999 ያሳተሙት ጥናት አለ። ግማሽ ያህሉ ይቅማሉ። ከሚቅሙት 80 በመቶው የሰጡት ምክንያት ለጸሎት ጥሩ ትኩረት ለማግኘት የሚል ነበር። ትኩረት! ቡታጅራ ደግሞ የመርካቶን ንግድ ካቀኑት ነጋዴዎች የብዙዎቹ አገር፣ የጉራጌ ምድር ነው። ይህን ሳነብ በበርጫ ሰዓት መዝገብ ዘርግቶ ሂሳብ የሚዘጋው አባቴ ፊቴ ድቅን አለ።

እኔም እንደሱ ነበርኩ። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በምርቃና፣ የማልጨርሰው ሥራ የለም የሚመስለኝ። ጠዋት ሐራራ። ማታ እንቅልፍ የለም፣ ስለዚህ ጨብሲ። ደረሰኝ ይጠፋብኛል፣ የቼክ ቀን ይረሳኛል፣ ሦስት ጊዜ የከፈልኩት ዕዳ አለ። 41 ዓመቴ ላይ ነው አንዲት ሐኪም «እናትዎን ይዘው ይምጡ» ያለችኝ። ደነገጥኩ። ለካ ይሄ ችግር በልጅነት ካልነበረ በስተቀር ኤዲኤችዲ አይባልም፤ የአሁኑ መመሪያ ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት መታየት አለበት ይላል። እናቴ ከጠፉት ጫማዎቼ ጀምራ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች። ሐኪሟ ማስቆም አቃታት።

(በነገራችን ላይ «አዋቂ ሰው ይሄ ነገር የለበትም» የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ የሐኪሞችም ነበር። ፖል ዌንደርና ባልደረቦቹ ዩታ ውስጥ አዋቂዎችን በሜቲልፌኒዴት የሞከሩት በ1976 ነው። እኛ አገር ደግሞ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የተጀመረው በ2003፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው። ስለዚህ አባቴን ማንም ባይጠይቀው አይገርምም።)

መድኃኒቱን ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። ሜቲልፌኒዴት ከ1971 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ በተራ ወረቀት አይታዘዝም፣ በየፋርማሲውም አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ በ2019ም በ2021ም ተጠይቆ ሁለቴም አልተቀበሉትም። ካቲኖንም ከ1986 ጀምሮ በዚያው ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ውስጥ ገብቷል፤ ቅጠሉ ግን አልገባም። እንግዲህ እኔ በር ላይ ቅጠሉ በእስር ይሸጣል፣ ኪኒኑን ለማግኘት ከተማውን መዞር አለብኝ። እስቲ ፍረዱ።

ስለዚህ መጀመሪያ የታዘዘልኝ ኢሚፕራሚን ነበር። የ1950ዎቹ የድብርት መድኃኒት ነው፤ ዋናው ሲጠፋ ለዚህም ይሰጣል። ሐኪሟ «ጫት ይቅማሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልፎ አልፎ» አልኳት። ውሸት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ልቤ መዝለል ጀመረ። አፌ ይደርቃል፣ ሽንቴን ይይዘኛል፣ ሌሊት ደረቴን ይዤ እቀመጣለሁ። መድኃኒቱ መርዝ ነው አልኩ። ለሚስቴም፣ ለሰፈሩም እንዲያ አወራሁ። በመጨረሻ አፍሬ ሄጄ እውነቱን ስናገር፣ ሐኪሟ አልተቆጣችም። ወረቀት አወጣችና ጉበት ሳለችልኝ። ቀጥሎ ያለውን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያች ስዕል በኋላ ነው።

ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ብዙ የአእምሮ መድኃኒቶችን ሰባብሮ የሚያስወግደው እሱ ነው። ኢሚፕራሚንም በእሱ በኩል ያልፋል፣ አቶሞክሲቲን የሚባለው የኤዲኤችዲ መድኃኒትም እንዲሁ። (ሜቲልፌኒዴት ግን በሌላ መንገድ ነው የሚወገደው።) በ1996 እሌኒ አክሊሉ፣ ዛሬ ስቶክሆልም በሚገኘው ካሮሊንስካ ፕሮፌሰር ናቸው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር የ122 ኢትዮጵያውያንን ዘረ መል መርምረው አንድ ነገር አሳተሙ። 29 በመቶው ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረ መል ተባዝቶላቸው ተገኘ። ስዊድናውያን ላይ ይህ ከ100 አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? ከእኛ ከአሥር ሰው ሦስቱ ገደማ፣ መደበኛ የተባለውን መጠን ሲውጥ ጉበቱ ሥራ ሳይጀምር ሊያስወግድበት ይችላል። «ይሄ ኪኒን ምንም አላደረገልኝም» የሚለው ሰው ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም። መጠኑ የተለካው በሌላ ሕዝብ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ «እኛ ከበድ ያለ መጠን ነው የሚያስፈልገን» ብለን በጨረስነው። አላበቃም። የእነ እሌኒ ቡድን በ2002 ደግሞ አገር ቤት ያሉና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጸረ። ዘረ መሉ አንድ ዓይነት ሆኖ እንኳ፣ አገር ቤት ያሉት ላይ ኢንዛይሙ ዘገም ብሎ ተገኘ። ከምንበላው ከምንጠጣው አንዳች ነገር እየያዘው ነው ማለት ነው። በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት አንዱን ተጠርጣሪ ያዘ፤ 40 ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ወንዶች አንዴ ያለ ጫት፣ አንዴ ከጫት ጋር ለዚህ መለኪያ የሚሆን የሳል መድኃኒት ወሰዱ። ጫቱ ኢንዛይሙን ገታው።

የእኔ ሌሊት ይኸው ነበር። ቅጠሉ በአንድ በኩል ራሱ ልብ ያስሮጣል፣ በሌላ በኩል ኢሚፕራሚኑ የሚወጣበትን በር ይዘጋል። ሐኪሟ በጻፈችው መጠን ላይ እኔ በየቀኑ፣ ሳልነግራት፣ ሌላ መጠን እጨምር ነበር። ጫቱን ሳቆም ደግሞ ኪኒኑ ደከመ፣ እንደገና መስተካከል ነበረበት። እኔ ከሦስቱ ልሁን ከሰባቱ ልሁን የዘረ መል ምርመራ አላደረግኩም፤ ግፊት መለኪያና ደብተር ነበረን፣ በነዚያ ሄድን።

ሜቲልፌኒዴቱ የተገኘው ከወራት በኋላ ነው። በትንሹ ተጀመረ። በየሳምንቱ ግፊት፣ የልብ ምት፣ እንቅልፍ፣ ምሳ በላህ አልበላህ ይጻፋል፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ። አንድ ሳምንት ላይ በጣም ከፍ አለና ቀኑን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ አንድ ሣጥን አዝራር በቀለም ስለይ ዋልኩ። ትኩረት ነበር፣ የማይፈለግ ትኩረት። ወደ ኋላ ተመለስን። የአጭር ጊዜው ዓይነት ሦስት አራት ሰዓት ነው የሚቆየው፤ የስድስት ሰዓት ተኩሏ ኪኒን የመጣችው ለዚህ ነው።

ይሄ መንቀራፈፍ የሐኪም ዳተኝነት ይመስለኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ1999 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፤ 579 ልጆች፣ 14 ወር። አንዱ ቡድን መድኃኒቱን በጥንቃቄ፣ መጠኑ እየተፈተሸ፣ በየወሩ እየታየ ወሰደ። ሌላው ቡድን ወላጆቹ በፈለጉት ቦታ ታከመ፤ ከእነሱም ሁለት ሦስተኛው ያንኑ ዓይነት መድኃኒት ነበር የሚወስዱት። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ በግልጽ በለጡ። ውጭ የታከሙት ያነሰ መጠን፣ በቀንም ለጥቂት ጊዜ ነበር የሚወስዱት፤ የሚከታተላቸውም ሰው ብዙ አልነበረም። ኪኒኑ ያው ነው። የቀረው ጠያቂው ነው።

እንግዲህ ለዚያ ልጅ አንድ ፍሬ ጀባ ብለው ምን እሰጠው ነበር? ከእኔ ጉበት፣ ከእኔ ግፊት፣ ጫት ካቆመ ሰውነት ጋር ወራት ፈጅቶ የተስማማ ቁጥር። እሱ ደግሞ ሲመጣ ጉንጩ ሞልቶ ነበር። በውስጥ መስመርም «ስንት ሚሊ ግራም ነው የምትወስደው?» የምትሉኝ አላችሁ፤ የማልመልሰው ንቄያችሁ አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ አሠሪውን አስፈቅጄ ይዤው ሄድኩ። ካርድ አወጣን፣ ወረፋ ጠበቅን፣ ነርሷ ግፊቱን ለካች። ሐኪሟ ገና ከመቀመጡ «ጫት ትቅማለህ?» አለችው። ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ወደ ግድግዳው አየሁ።

«በቀን አንድ እስር» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ቅዳሜ ሁለት።»

ጻፈችው።