ከጋፋት እስከ መቅደላ፦ ካሜራው ያየውና ያላየው



በቅርቡ አንድ ተማሪዬ በስልኩ ያነሣውን ፎቶግራፍ አሳየኝ። ከሥሩ «በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል» ብሎ ጽፎበታል። ፎቶግራፉ ግን የተነሣው አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ነው፤ የሚታየውም የመድፉ አምሳያ ነው። ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ዋናው መድፍ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። ተማሪውን አልገሠጽሁትም፤ የዛሬውን ርእስ የሰጠኝ እርሱ ነውና።

በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የዘመቱት መሐንዲሶች ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሯቸው። የዚያ ዘመን ምስል የሚቀረጸው በመስተዋት ላይ ነው፤ መስተዋቱ በኬሚካል ተቀብቶ ሳይደርቅ መነሣት፣ ወዲያውም በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ያ ሁሉ ዕቃ ተራራ ለተራራ ተጓጓዘ። ጦሩ ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌና በአንጣሎ በኩል ስለ መጣ ግን ካሜራው ወደኛ አገር፣ ወደ ደብረ ታቦር፣ አልደረሰም። ቢደርስም ከተማዋን ንጉሡ ራሳቸው ወደ መቅደላ ሲነሡ አቃጥለዋት ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን አምባው በወደቀ ጊዜ የሟቹን ንጉሥ ፊት የነደፈው የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ነው፤ ያውም በእጁ። ልዑል ዓለማየሁ ደግሞ በዚያው ክረምት በዋይት ደሴት ከጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ያን የሕፃን ፊት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አልለመድሁትም።

በመቅደላ ነፃ ከወጡት አውሮፓውያን አንዱ ጀርመናዊው ዕፅዋት ሰብሳቢ ቪልሄልም ሺምፐር ነበር። የሰበሰባቸው የደረቁ ዕፅዋት ዛሬ በለንደኑ ኪው የዕፅዋት ማዕከልና በሌሎችም ስፍራዎች ይገኛሉ። ለዕፅዋት ተመራማሪ ቅጠሉ ብቻውን ከንቱ ነው፤ የት፣ መቼ፣ በማን ተለቀመ የሚለው ጽሑፍ አብሮት መለጠፍ አለበት። እኛ ግን ሙዚየም ስንገባ ዕቃውን አንሥተን መግለጫውን እንተዋለን። በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም አበባው ይነሣል፣ ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ይቀራል። ከወንዛዬ ፍል ውኃ የምታመጧቸው ፎቶግራፎችም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የእናንተን ፊት እንጂ ቀንና ቦታ አይናገሩም።

ተማሪዬ ጽሑፉን አርሞ «አምሳያ» የሚለውን ቃል ጨመረበት። ከዚያም ጋፋት ወጥቶ ኮረብታውን አነሣ። እቶን የለበትም፣ መድፍ የለበትም፤ ሣርና ድንጋይ ነው። ከሥሩ ቦታውንና ቀኑን ጽፏል።